ፍሬድሪክ ዳግላስና የሙግት ቃላት

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ክፍለ ጊዜ ለተማሪ ከሚሰጡት የቃላት ዝርዝሮች መካከል እንደ ሙግት ቃላት ደርቆ የሚቀር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተማሪው አርጊዩመንት፣ ክሌይም፣ ኤቪደንስ፣ ኮንሴሽን፣ ሬፊዩቴሽን፣ አይረኒ የሚሉትን ቃላት በደብተሩ በግራ በኩል፣ ፍቻቸውን በቀኝ በኩል ይጽፋል። ከአርስቶትል የወረዱትን ኤቶስ፣ ፓቶስና ሎጎስ የሚባሉትንም ይጨምራል። ለፈተና ያጠናቸዋል፤ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳቸዋል። መምህሩም በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ዝርዝር በዚያው ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ይህ የሚሆነው ተማሪው ስለ ሰነፈ ወይም መምህሩ ስላልተጋ አይደለም። ቃላቱ የዕቃ መጠሪያዎች ባለመሆናቸው ነው። ሰው በሰው ፊት ቆሞ በአንደበቱ የሚሠራቸው ሥራዎች ስሞች ናቸውና ሥራው ሳይታይ ስሙ ብቻ ሲነገር ባዶ ድምፅ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ በታች የሚተረከው የእነዚህን ቃላት ፍች አንድ በአንድ፣ ብዙ ዋጋ ከፍሎ የተማረ ሰው ሕይወት ነው። ፍሬድሪክ ዳግላስ በአሜሪካ የፀረ ባርነት ንቅናቄ መሪነቱ በየታሪክ መጽሐፉ ይወሳል። እዚህ ግን የምንመለከተው በሌላ በኩል ነው። ይኸውም የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ባሪያ የእንግሊዝኛን የሙግት ቋንቋ ከየት እንዳገኘው፣ ካገኘውም በኋላ እንዳይሟገት የከለከሉት ጠላቶቹ ብቻ እንዳልነበሩ ለማየት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ዳግላስ በየካቲት 1818 በሜሪላንድ ግዛት፣ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በታልቦት አውራጃ ተወለደ። ያን ጊዜ ስሙ ፍሬድሪክ ኦገስተስ ዋሽንግተን ቤይሊ ነበር። የተወለደበትን ቀን ዕድሜውን ሙሉ አላወቀም፤ ወሩና ዓመቱ የታወቁት ጌታው የባሮቹን ልደት ከመዘገበበት ደብተር ነው። አባቱ ነጭ እንደ ሆነ ከመስማት በቀር ማንነቱን በእርግጥ አልተረዳም። እናቱ ሀርየት ቤይሊ በሌላ እርሻ ትሠራ ስለ ነበር ያየችው በጣት ለሚቈጠሩ ሌሊቶች ብቻ ነው። ያሳደገችው አያቱ ቤትሲ ነበረች። በ1826፣ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ሂዩ ኦልድ የተባለ ሰው ቤት እንዲያገለግል ወደ ባልቲሞር ከተማ ተላከ።

የመጀመሪያው የሙግት ትምህርቱ የተሰጠው በዚህ ቤት ነው፤ መምህሩም ሳያውቅ ያስተማረው ጌታው ነበር። የኦልድ ሚስት ሶፊያ ከዚያ በፊት ባሪያ አሳድራ ስለማታውቅ ልጁን ፊደል ታስቈጥረው፣ ሦስትና አራት ፊደል ያላቸውን ቃላትም ታስነብበው ጀመር። ባልዋ ይህን በሰማ ጊዜ ልጁ ባለበት ገሠጻት። ባሪያ ማንበብ ከተማረ ለባርነት እንደማይሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚያዝዘው ሰው እንደማይኖር፣ ለራሱም ሐዘን እንጂ ደስታ እንደማያገኝ አስረዳት። ልብ ብሎ ለሚያየው ይህ የተሟላ ሙግት ነው፤ መነሻም፣ መደምደሚያም አለው። ልጁም መነሻውን ሙሉ በሙሉ ተቀበለ። ንባብ ባርነትን የሚያፈርስ ከሆነ፣ ጌታው አጥብቆ የሚፈራውን እርሱ አጥብቆ ሊሻው እንደሚገባ ተረዳ። ከአንድ መነሻ ሁለት ተቃራኒ መደምደሚያዎች ወጡ፤ ልዩነቱ የመነጨው አንዱ ጌታ፣ ሌላው ባሪያ በመሆኑ ብቻ ነው። በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ይህን ተግሣጽ በሕይወቱ ከሰማቸው የፀረ ባርነት ንግግሮች የመጀመሪያው አድርጎ ቈጥሮታል።

ከዚያ ወዲያ የተማረው በስርቆሽ ነው። ከቤት ዳቦ ይዞ ይወጣና ለተራቡ የነጭ ልጆች እየሰጠ በልዋጩ ንባብ ይቀበል ነበር። መጻፍን የጀመረው በመርከብ ሥራ ሰፈር ነው፤ አናጢዎች እንጨቱ ለመርከቡ ግራ ወይም ቀኝ መሆኑን ለማመልከት የሚጽፉበትን ፊደል እያየ ቀዳ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ጫማ በመጥረግ ካገኘው ገንዘብ 50 ሳንቲም ከፍሎ አንድ መጽሐፍ ገዛ። ይህ መጽሐፍ ካሌብ ቢንግሃም የተባለ የቦስተን መምህር አዘጋጅቶ በ1797 ያሳተመው ኮሎምቢያን ኦሬተር የተባለ የትምህርት ቤት መማሪያ ነው። በመግቢያው ከጥንት ተናጋሪዎች ልምድ የተቀዳ የድምፅና የእጅ እንቅስቃሴ መመሪያ አለው፤ የቀረው ክፍሉ ንግግሮችና ጭውውቶች ናቸው። በአየርላንድ ምክር ቤት ስለ ካቶሊኮች መብት የተደረገ ንግግርም በውስጡ ይገኛል።

ልጁ ደጋግሞ ያነበበው ግን አንድ ኮብልሎ የተያዘ ባሪያ ከጌታው ጋር የሚያደርገውን ጭውውት ነው። ጌታው በሕጋዊ ዋጋ እንደ ገዛው ያመለክታል፤ ባሪያው ሲሸጥ እርሱ ፈቃዱን ሰጥቶ እንደ ነበረ ይጠይቃል። ጌታው የአምላክን ሥርዓት ይጠቅሳል፤ ባሪያው ወንበዴም ይህንኑ ሊል እንደሚችል፣ ለማምለጫ የሚሆኑትን እግሮችም የሰጠው ያው አምላክ እንደ ሆነ ይመልሳል። ጌታው በደግነት እንደ ያዘው ይናገራል፤ ባሪያው ለከብትም መኖ እንደሚሰጥ ያሳስበዋል። በመጨረሻ ጌታው ተረትቶ ነጻ ያወጣዋል። በቀድሞው የአገራችን ችሎት ተከራካሪዎች ፊት ለፊት ቆመው በተጠየቅ ሲሟገቱ የሰማ ሰው የዚህ ጭውውት አካሄድ አዲስ አይሆንበትም። ለዚህም ነው በዚህ ጽሑፍ አርጊዩመንት የሚለውን ቃል ክርክር ሳይሆን ሙግት ብዬ የመለስኩት። ክርክር ጭቅጭቅንም ሊያጠቃልል ይችላል። ሙግት ግን ዳኛና ማስረጃ የሚሻ፣ የሚረታና የሚረታበት ያለው ነገር ነው። ዳግላስ ያን ጭውውት ሲያነብ ያገኘው አዲስ ስሜት አልነበረም፤ ስሜቱማ አስቀድሞም ነበረው። ያገኘው ለስሜቱ ቃል ነው።

ስለ ቃልና ፍች ስንነጋገር ከዚያው ዘመን አንድ ነገር ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። ልጁ ጌቶች በቍጣ ሲነጋገሩ አቦሊሽን የሚል ቃል ይሰማ ነበር። ባሪያ ሲኮበልል፣ ጎተራ ሲቃጠል፣ ባሪያ ጌታውን ሲገድል የዚህ ነገር ፍሬ ነው ይባል ነበር። ቃሉ እርሱን የሚመለከት እንደ ሆነ ጠረጠረና መዝገበ ቃላት ገለጠ። ያገኘው ፍች የመሻር ተግባር ማለት ነው የሚል ብቻ ነበር። የሚሻረው ምን እንደ ሆነ ግን መዝገበ ቃላቱ አይናገርም። አደገኛ ቃል መሆኑን ስለ ተገነዘበ ማንንም ለመጠየቅ አልደፈረም። ብዙ ጊዜ ከጠበቀ በኋላ አንድ የከተማው ጋዜጣ እጁ ገባ። በጋዜጣው የሰሜን ሰዎች በአሜሪካ ዋና ከተማ አውራጃ ባርነት እንዲቀር ለምክር ቤቱ ያቀረቡት አቤቱታ ተዘግቦ አገኘ። ቃሉን ያን ጊዜ ተረዳው። ለእንግሊዝኛ መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለኝም። የመዝገበ ቃላቱ ፍች ስሕተት አልነበረበትም፤ ነገር ግን ምንም አላስተማረውም። ያስተማረው ማን፣ ለማን፣ ምን እንደሚጠይቅ የሚያሳየው አቤቱታ ነው።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት ባጭሩ እናልፋቸዋለን። በ1833 ወደ ገጠር ተመለሰ። በ1834 ባሪያን በመስበር ስም ላወጣ ኤድዋርድ ኮቪ ለተባለ ገበሬ ተከራየ፤ ብዙ ከተገረፈ በኋላ አንድ ቀን ተናንቆ ተከላከለ፤ ከዚያ በኋላም አልተገረፈም። በ1836 ለመኮብለል ሲያሤር ተይዞ ታሠረ፤ ተፈትቶም ወደ ባልቲሞር ተላከ። በመርከብ ሥራ ሰፈር ሲሠራ ነጻ የሆኑ ጥቁር ሠራተኞች ያቋቋሙት የምሥራቅ ባልቲሞር የአእምሮ ማሻሻያ ማኅበር ተቀበለው። በዚህ ማኅበር ውስጥ ርእስ እየተመረጠ ሲሟገቱ እርሱም ተሰልፎ ተሟገተ። መስከረም 3 ቀን 1838 የመርከበኛ ልብስ ለብሶ፣ የሌላ ሰው የምስክር ወረቀት ይዞ በባቡርና በመርከብ ወደ ሰሜን አመለጠ። በማምለጡ የረዳችውን ነጻ ሴት አና መሪን በኒውዮርክ አገባ፤ ኒው ቤድፎርድ በተባለው ወደብ ተቀመጠ። ስሙንም ዳግላስ ብሎ ለወጠ።

በነሐሴ 1841 በናንተኬት ደሴት በተደረገ የፀረ ባርነት ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ተናገረ። የማሳቹሴትስ ፀረ ባርነት ማኅበርም ወዲያውኑ ተናጋሪ አድርጎ ቀጠረው። የንቅናቄው መሪ ዊልያም ሎይድ ጋሪሰን አብሮት ይጓዝ ነበር። ዳግላስ በየከተማው እየቆመ የተወለደበትን፣ የተራበበትንና የተገረፈበትን ሁኔታ ይተርክ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ትረካው አልበቃው አለ። ያየውን መናገር ብቻ ሳይሆን፣ ባርነት ለምን በደል እንደ ሆነ፣ የሚደግፉት ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት የት ላይ እንደሚፈርስ መናገር ፈለገ። ባልደረቦቹ ከለከሉት። ከማኅበሩ ሹማምንት አንዱ የነበረው ጆን ኮሊንስ እርሱ ያየውን ብቻ ቢያወራ፣ ፍልስፍናውን እነርሱ እንደሚይዙት ነገረው። ጋሪሰንም መድረክ ላይ ሊወጣ ሲል ታሪኩን ብቻ እንዲናገር በጆሮው ያንሾካሹክለት ነበር።

ነገሩ ከቅን ልብ የመጣ ምክር ሊመስል ይችላል፤ ሰዎቹም በእርግጥ ወዳጆቹ ነበሩ። ነገር ግን ምክሩ ያዘለው ሐሳብ ሲገለጥ እንዲህ ይሆናል፤ ጥቁሩ ይመስክር፣ ነጩ ይሟገት። በእንግሊዝኛ ክፍላችን ቴስቲሞኒና አርጊዩመንት ሁለት ተራ ቃላት ናቸው። በፍርድ ቤት እንኳ ምስክርና ነገረ ፈጅ የሚቆሙበት ቦታ የተለያየ ነው። ምስክር ያየውን ተናግሮ ይወርዳል፤ ያየው ነገር ምን ማለት እንደ ሆነ የሚናገረው ሌላ ነው። ዳግላስ የጠየቀው ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እንዲሻገር ነበር። ይህን ልዩነት እንደ እርሱ የሚያውቀው ሰው በዚያ አዳራሽ አልነበረም፤ ምክንያቱም በመካከሉ የቆመው እርሱ ብቻ ነው።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። እየተሻሻለ በሄደ መጠን አድማጮቹ ይጠራጠሩት ጀመር። እንዲህ የሚናገር ሰው ባሪያ ሊሆን አይችልም፤ የጌታውን ስም አይናገር፣ ያመለጠበትን አገር አይጠራ፣ ትምህርቱን ከየት አመጣው እያሉ ያጕረመርሙ ነበር። ወዳጆቹም በአነጋገሩ ላይ ትንሽ የእርሻ ባሪያ ለዛ ቢያስቀር እንደሚሻል መከሩት። ኤቶስ ብለን የምናስተምረው የተናጋሪው ተአማኒነት እዚህ ላይ ጠማማ ሆኖ ይታያል። በመማሪያ መጻሕፍት እንደሚጻፈው ተናጋሪ ሐሳቡን በሚገባ ሲያቀናጅ ተአማኒነቱ ይጨምራል። በዳግላስ ላይ ግን የአንደበቱ ርቱዕነት ተአማኒነቱን ቀነሰበት። ኤቶስ በተናጋሪው እጅ ብቻ ያለ ሀብት አይደለም። አድማጩ ስለ ተናጋሪው አስቀድሞ የያዘው ግምት ግማሹን ይወስዳል። ተማሪዎቻችን ሦስቱን የግሪክ ቃላት ሲሸመድዱ ይህ ግማሽ አይነገራቸውም።

ዳግላስ ለጥርጣሬው የሰጠው መልስ ማስረጃ ነበር። በ1845 የሕይወት ታሪኩን ጽፎ አሳተመ። የጌቶቹን፣ የእርሻዎቹን፣ የገራፊዎቹን ስም በሙሉ ዘርዝሮ አወጣ። ይህም እጅግ አደገኛ ሥራ ነበር። ገና በሕግ የሌላ ሰው ንብረት ነበርና ስሙንና አድራሻውን ለአሳዳጆቹ በገዛ እጁ ሰጠ ማለት ነው። ለማስረጃ የሚከፈለው ዋጋ እስከዚህ ሊደርስ እንደሚችል ለተማሪ መንገር ክፋት የለውም። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ አንድ የሜሪላንድ ሰው በጋዜጣ ተቃውሞ ጻፈ። ፍሬድሪክ ቤይሊን በደንብ እንደሚያውቀው፣ ያም ያልተማረ ባሪያ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሊጽፍ እንደማይችል ተናገረ። ዳግላስ ይህን ሲያነብ አልተቈጣም፤ ይልቁንም ሰውዬውን በጽሑፍ አመሰገነው። ተቃዋሚው ሊያፈርሰው ተነሥቶ ዋናውን ነጥብ፣ ማለትም ዳግላስ በእርግጥ ያ ባሪያ እንደ ነበረ መሰከረለት። ሰሜኖቹ የተጠራጠሩትን አንድ የደቡብ ሰው አረጋገጠ።

ከአሳዳጆቹ ለመራቅ በነሐሴ 1845 ወደ አየርላንድና እንግሊዝ ተሻገረ። በደብሊን የአየርላንዱን ታላቅ ተናጋሪ ዳንኤል ኦኮኔልን ሰማ። በዚያ በቆየባቸው ወራት ሁሉ ያለ አሳላፊና ያለ አንሾካሿኪ ተናገረ። በ1846 መጨረሻ የእንግሊዝ ወዳጆቹ 150 ፓውንድ ከፍለው የነጻነት ወረቀቱን ገዙለት። ይህ ደግሞ ሌላ ሙግት አስነሣ። ከባልደረቦቹ አንዳንዶቹ ገንዘብ መክፈል ሰው ንብረት መሆኑን አምኖ መቀበል ነው ብለው ነቀፉት። ዳግላስ የሰጠው መልስ ልዩነት የሚያበጅ ነው። ወንበዴ የያዘውን ለማስለቀቅ የሚከፈል ገንዘብ የወንበዴውን መብት ማወቅ አይደለም አለ። ኮንሴሽን ስንል ምን እንደ ለቀቅንና ምን እንዳልለቀቅን ለይተን መናገር እንዳለብን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ በመማሪያ መጻሕፍት አላየሁም።

በ1847 ተመልሶ በሮቸስተር ከተማ ኖርዝ ስታር የተባለ ጋዜጣ አቋቋመ። በቀጣዩ ዓመት በሴኔካ ፎልስ በተደረገው የሴቶች መብት ጉባኤ ላይ ለሴቶች የመምረጥ መብት ይሰጥ የሚለውን ውሳኔ ደግፎ ተናገረ። ጋዜጣውን ማቋቋሙን ጋሪሰን አልወደደለትም ነበር፤ መካከላቸው የተበጠሰው ግን በ1851 ነው። ጋሪሰን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ባርነትን የሚደግፍ ውል ስለ ሆነ ሊወገዝ ይገባል ብሎ ያምን ነበር፤ ዳግላስም ለዓመታት ይህንኑ ሲሰብክ ኖሯል። ከብዙ ንባብና ምርመራ በኋላ ግን ሰነዱ በቃሉ ሲተረጐም ለነጻነት የቆመ ነው ወደሚል አቋም ተሻገረ፤ በዚያው ዓመት በሲራክዩዝ ጉባኤ ላይም አስታወቀ። ጋሪሰን በጉባኤው ፊት ከነገሩ ጀርባ ተንኮል እንዳለበት ተናገረ። የዳግላስ ጋዜጣ አዲሱን አቋም ከሚከተለው ከባለጸጋው ከጌሪት ስሚዝ ገንዘብ ያገኝ ስለ ነበር ጥርጣሬው ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ማሳየት ሕገ መንግሥቱ ምን እንደሚል ማሳየት አይደለም። ነገሩን ትቶ ሰውዬውን መንካት፣ በላቲን ቃል አድ ሆሚነም የሚባለው ስሕተት፣ የክፉ ሰዎች ብቻ ልማድ እንዳልሆነ ይህ ይመሰክራል። ጋሪሰን ከዘመኑ ቅን ሰዎች አንዱ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት፣ ሐምሌ 5 ቀን 1852፣ የሮቸስተር የሴቶች ፀረ ባርነት ማኅበር ስለ አሜሪካ የነጻነት በዓል እንዲናገር ጋበዘው። በዚያ ቀን ያደረገው ንግግር በእንግሊዝኛ ቋንቋ ከተደረጉት ሙግቶች በእኔ ግምት ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ይሰለፋል። ሲጀምር አድማጮቹን አያስደነግጥም። በ1776 የተነሡትን የነጻነት አባቶች ጀግንነት አምኖ ይቀበላል፤ ደጋግሞም ያመሰግናቸዋል። ነገር ግን አባቶቻችን ሳይሆን አባቶቻችሁ፣ በዓላችን ሳይሆን በዓላችሁ እያለ ነው። አድማጩ የተመሰገነ መስሎት ሲያዳምጥ ሳለ በአንዲት ተውላጠ ስም ከተናጋሪው ተለይቶ ቆይቷል። ሰዋስው ለሙግት ምን ያህል እንደሚያገለግል ለማሳየት ይህን የሚያህል አላውቅም።

ከዚያ ይዞራል፤ በዓሉ ለባሪያ ምን እንደ ሆነ ይጠይቃል። እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ ከመውቀስ ይልቅ ቢያስረዳ ይሻላል ይለኛል ብሎ ያስብና ምን እንዲያስረዳ እንደሚፈልጉ በተራ ይጠይቃል። ባሪያ ሰው መሆኑን ነውን? ይህንንማ የደቡብ ሕጎች አስቀድመው አምነዋል። በቨርጂኒያ ጥቁር ሰው ቢፈጽማቸው በሞት የሚያስቀጡ 72 ወንጀሎች ሲኖሩ፣ ነጩን ለሞት የሚያበቁት ሁለት ብቻ እንደ ሆኑ ይቈጥራል። ከብትን በወንጀል የሚቀጣ ሕግ የለምና፣ ሕጉ ተጠያቂ ያደረገው ሰው መሆኑን አውቆ ነው። ደግሞም ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማርን በመቀጮ የሚከለክሉ ሕጎች አሉ፤ ለሜዳ አራዊት እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣ የለም። ልብ በሉ፤ ይህ የሂዩ ኦልድ ተግሣጽ ነው፤ በባልቲሞር ቤት የሰማው መነሻ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ በአዳራሽ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ።

ይህን ሁሉ የሚናገረው አልሟገትም እያለ ነው። ግልጽ የሆነውን ለማስረዳት መድከም አድማጩንም መስደብ፣ ራስንም ማዋረድ እንደሆነ ይገልጽና፣ ዘመኑ የሚሻው አሳማኝ ሙግት ሳይሆን የሚያቃጥል ምጸት እንደ ሆነ ይናገራል። አልናገርም እያሉ መናገር ጥንታውያን ስም ያወጡለት ስልት ነው። ለተማሪ የሚጠቅመው ግን ስሙ ሳይሆን ምክንያቱ ነው። ዳግላስ ተሟግቶ ቢያስረዳ ኖሮ ሰው መሆኑ ገና የሚያከራክር ነገር እንደ ሆነ ይስማማ ነበር። ዝም ቢል ደግሞ ማስረጃ የለውም ይባላል። ስለዚህ ሙግቱን አደረገው፤ ማድረግ እንዳላስፈለገው እየተናገረ። አይረኒ የሚለውን ቃል በአማርኛ ምጸት ስንለው ብዙ ጊዜ ፌዝ ይመስለናል፤ እዚህ ግን የሚሥቅ ሰው የለም።

በንግግሩ መዝጊያ ተስፋውን ሲገልጥ የኢትዮጵያን ስም የያዘውን የመዝሙረ ዳዊት ቃል ጠቅሷል። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ጥቁሮች ኢትዮጵያ ሲሉ መላውን የአፍሪካ ዘር ማለታቸው ነበርና፣ እርሱም ቃሉን የተጠቀመበት በዚሁ መንገድ ነው።

ስለ ሕገ መንግሥቱ የያዘውን ሙግት አጠቃልሎ ያቀረበው በመጋቢት 1860 በስኮትላንድ፣ በግላስጎ ከተማ ነው። የዚህ ንግግር ጥንካሬ በአጀማመሩ ላይ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሙግቱን ጭብጥ ይይዛል። ጥያቄው ሕጉን ያወጡት ሰዎች ባሪያ አሳዳሪ ነበሩ ወይ አይደለም፤ መንግሥቱ በተግባር ባርነትን ደግፏል ወይ የሚልም አይደለም፤ ሁለቱንም አምናለሁ ይላል። ጥያቄው የተጻፈው ሰነድ ምን ይላል የሚለው ብቻ ነው። እንዲህ አድርጎ ተቃዋሚው በብዛት ያከማቸውን ማስረጃ ሳይነካ ከሙግቱ ሜዳ ውጭ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያም አንቀጾቹን እያነበበ ይተረጕማል። ትርጓሜው ልክ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ሕግ ዐዋቂዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ለእኛ ክፍል የሚጠቅመው ግን ተማሪ ድርሰቱን ከመጀመሩ በፊት ጭብጡን እንዲይዝና፣ ጭብጥ ያልሆነውን ለይቶ እንዲያወጣ ማስተማሩ ነው።

ስለ ቀረው ሕይወቱ ብዙ አንልም። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1861 ተነሣ። ዳግላስ ጥቁሮች እንዲዘምቱ ቀሰቀሰ፤ ሁለት ልጆቹም በማሳቹሴትስ 54ኛ ክፍለ ጦር ተሰለፉ። በ1863 ከፕሬዚዳንት ሊንከን ጋር ተገናኝቶ ስለ ጥቁር ወታደሮች ደመወዝና አያያዝ ተነጋገረ። በ1865 ባርነት በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተሻረ። ከዚያ ወዲያ ልዩ ልዩ ሹመቶችን ያዘ፤ ከ1889 እስከ 1891 በሄይቲ የአሜሪካ መልእክተኛ ሆኖ አገለገለ።

በ1877 ግን አንድ ጉዞ አደረገ። ወደ ሜሪላንድ፣ ወደ ሴንት ማይክልስ ተመልሶ በሞት አፋፍ ላይ ያለውን የቀድሞ ጌታውን ቶማስ ኦልድን ጐበኘ። ይህን ሰው ለዓመታት በስሙ እየጠራ በየመድረኩ ከስሶታል፤ በ1848 ደግሞ በጋዜጣው ግልጽ ደብዳቤ ጽፎበታል። ከክሶቹ አንዱ አያቱን ቤትሲን በእርጅናዋ ጥሏታል የሚል ነበር። ኦልድ ግን አያቱ የእርሱ ባሪያ እንዳልነበረች፣ ንብረት ሲከፋፈል ለሌላ ሰው እንደ ደረሰች፣ በኋላም እርሱ አስመጥቶ እስክትሞት እንደ ጦራት አስረዳው። ዳግላስ የተሳሳተበትን ተቀበለ፤ እንዲያውም አስቀድሞ በጽሑፍ አርሞት እንደ ነበር ነገረው። በባርነት ላይ የመሠረተው ክስ ግን በዚህ ምክንያት አንዲት ቃል አልጐደለም። የጐደለው ማስረጃ አንድ ነው፤ ክሱ በእርሱ ብቻ አልቆመም ነበር።

የመጨረሻ ዓመታቱን በዋሽንግተን ከተማ፣ በአናኮስቲያ ኮረብታ ላይ ሲዳር ሂል በተባለው ቤቱ አሳለፈ። አና በ1882 ካረፈች በኋላ በ1884 ሄለን ፒትስን አግብቶ ነበር። የካቲት 20 ቀን 1895 በከተማው በተደረገ የሴቶች ጉባኤ ላይ ተገኝቶ ዋለ። ወደ ማታ ቤቱ ተመልሶ በጉባኤው የተባለውን ለባለቤቱ ሲተርክላት ሳለ ወደቀና ሞተ። በዚያው ምሽት በአቅራቢያው በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ንግግር እንዲያደርግ ቀጠሮ ነበረው።